ግብ ጠባቂ የሌለው ግብ

አንድ አዲስ ስብከት በከተማችን ተነሥቷል። ስብከቱ እንዲህ ይላል፦ ቁማር ሰውን የሚያጠፋው ያለ ዕቅድ ሲገባበት ነው፤ የቀን ግብ ያወጣ፣ መደቡን የወሰነ፣ ያሰበው ሲሞላለት የሚያቆም ሰው ግን ውርርድን እንደ ማንኛውም ሥራ ሊይዘው ይችላል። ይህን ቃል በየቴሌግራሙ የሚያስተጋቡ ሞልተዋል። በመርካቶ ሻይ ቤቶች ውስጥም ብርጭቆው በአንድ እጅ፣ ስልኩ በሌላ እጅ ሆኖ ሲደጋገም ይሰማል። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ስብከቱን ለመሞገት ነው።

ውድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ «የቁማር ነገር እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉኝ እፈራለሁ። ያገባናል። ገንዘቡ ከመበላቱ በፊት ቃሉ ተበልቷልና። «ቁማርተኛ» በቋንቋችን ስድብ ነበር፤ ሽማግሌ ልጁን ሊድር ሲጠየቅ «ቁማርተኛ ነው» የሚል ወሬ ከሰማ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ዛሬ ያው ሰው «ተንታኝ» ይባላል። መደቡ «ኢንቨስትመንት»፣ ኪሳራው «የመማሪያ ዋጋ» ሆኗል። አክሱም፣ አንበሳ፣ ሐበሻ የሚሉት ስሞች እንኳ የውርርድ ድርጅት መጠሪያ ሆነው አይተናቸዋል። ከቃላቱ ሁሉ የሚቆጨኝ ግን «ግብ» ነው። ይህ ቃል በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው፤ በኳስ ሜዳ መረቡን የሚነካው ኳስ ነው፤ በሕይወት ደግሞ ሰው ደክሞ የሚደርስበት ቦታ ነው። የውርርዱ ዓለም ሁለቱን ትርጉሞች አቀላቅሎ፣ ሌላ ሰው በእንግሊዝ አገር የሚያስቆጥረውን ግብ የመርካቶው ልጅ የሕይወት ግብ አድርጎ ሸጠለት።

መርካቶን ለምሳሌነት የመረጥሁት ለወቀሳ አይደለም። አሁን ባለበት ቦታ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው፣ ስሙንም ከወራሪው ቋንቋ የወሰደው ይህ ገበያ፣ ጣሊያን ከሄደ በኋላ ያደገው በራሱ ሰዎች ልፋትና መተማመን ነው። ከምናለሽ ተራ እስከ ዱባይ ተራ፣ ከሸማ ተራ እስከ በርበሬ ተራ፣ ስንቱ ነጋዴ ጀርባው ላይ ሸክም ተሸክሞ ጀምሮ ሱቅ ከፍቷል! ይህን ሰው ከሸክም ወደ ሱቅ ያሻገረችው መሣሪያ ማን ናት ቢባል፣ ብዙው አዛውንት ነጋዴ አፉን ሞልቶ «ዕቁብ ናት» ይላል።

ዕቁብን እዚህ ላይ ያነሣሁት አለ ምክንያት አይደለም። በዕቁብም ውስጥ ዕጣ አለ። ሠላሳ ሰዎች በየሳምንቱ አንዳንድ ሺህ ብር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣለት ሠላሳ ሺህ ብር ይዞ ይሄዳል፤ በሠላሳኛው ሳምንት ግን የመጨረሻውም ሰው ሠላሳ ሺሁን ይቀበላል። ዕጣዋ የምትወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ድርሻን አትነካም። ቀድሞ የወሰደ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል፤ ዳኛና ጸሐፊ ይሾማል፤ የቸገረው ካለ ተራውን የሚለቅለት ይገኛል። አባቶቻችን ዕድልን አልካዱም፤ ዕድልን ግን በማኅበር አሰሯት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል በመርካቶ ውስጥ በብር የተጻፈ ነው።

አሁን ከዕቁብ ሰብሳቢው ደብተር ወደ ውርርዱ ትኬት እንሻገርና ሒሳቡን እንየው። ቁጥር መደመር የዘወትር እንጀራዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ አንባቢ ይታገሠኝ።

የማሸነፍ ዕድሉ ልክ ግማሽ በግማሽ የሆነ አንድ ጨዋታ አለ እንበል። ሚዛናዊ ክፍያ ቢሆን 1 ብር ያስያዘ ሲያሸንፍ 2 ብር ያገኛል። ድርጅቱ ግን የሚከፍለው፣ ለምሳሌ፣ 1 ብር ከ90 ሳንቲም ነው። አሥር ሳንቲሟ ትንሽ ትመስላለች። የእኛ ልጆች ግን በአንድ ጨዋታ አይወራረዱም፤ አሥሩን ጨዋታ በአንድ ትኬት ያስራሉ፤ ያቺ ትንሽ ሳንቲምም በእያንዳንዱ ጨዋታ እየተባዛች ትሄዳለች። በአሥር ጨዋታ ትኬት ላይ 20 ብር ያስያዘ ልጅ፣ አሥሩም ቢሳኩለት 12,262 ብር እንደሚያገኝ ስልኩ ላይ ይነበብለታል። ዓይን ያፈዝዛል! አሥሩም የመሳካታቸው ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ነው። ሚዛናዊው ክፍያ 20,480 ብር ነበር። በየቀኑ አንድ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አንዲቱን የድል ቀን ለማየት በአማካይ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ይጠብቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያወጣው 20,480 ብር፣ የሚያገኘው 12,262 ብር ነው። ከአሸናፊው ላይ ደግሞ ግብር አለ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ሙከራ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። «አንድ ጨዋታ በላችኝ» እያለ የሚያዝን ልጅ ያሳዝነኛል። የበላችው ያቺ አንዲት ጨዋታ አይደለችም፤ ትኬቱ ሲቆረጥ ጀምሮ አፏን የከፈተችው ያቺ አሥር ሳንቲም ናት።

እንግዲህ «የቀን ግብ» ለተባለው መድኃኒት እንምጣ። «ዛሬ 500 ብር ሳተርፍ አቆማለሁ» ይላል ባለ ግቡ። 500 ብሩ በተገኘበት ቀን ያቆማል፤ እሺ። ባልተገኘበት ቀንስ? ግቡ አልሞላምና ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ግብ ዕድል ፊቷን ስታበራ የሚያስቆም፣ ፊቷን ስታዞር የሚያስኬድ የተገላቢጦሽ ልጓም ነው። «ስከስርም ወሰን አለኝ» የሚለው ጠንቃቃ ሰው ከዚህኛው ይሻላል፤ በአንድ ቀን ቤቱን አያፈርስም። እርሱም ቢሆን ድምሩን አይለውጠውም። ማክሰኞና ረቡዕ ለእኛ ሁለት ቀን ናቸው፤ ለሒሳቡ ግን አንድ ረጅም ጨዋታ ናቸው። እያንዳንዱ ትኬት በአማካይ የሚያጎድል ከሆነ፣ ጎዶሎን በጎዶሎ ላይ በመደርደር ትርፍ የሠራ የሒሳብ መዝገብ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ተከራካሪዎቼ በዚህ ጊዜ ፖከርን ያመጡብኛል። እውነትም ፖከር የተለየ ነው፤ እውነቱን መደበቅ ሙግትን አያጸናም። በፖከር ተጫዋቾች የሚፎካከሩት እርስ በርሳቸው ነው፤ ቤቱ ከመደቡ ላይ ቁራጩን ይወስዳል። የተሻለ የሚያሰላ፣ ቁጣውን የሚገዛ ተጫዋች በረጅም ጊዜ ከሌሎቹ ሊበልጥ ይችላል። ስለ ግብ፣ ስለ መደብ አያያዝ፣ ተናዶ ስላለመጫወት የሚነገረው ምክር ሁሉ የተወለደው ከዚያ ጠረጴዛ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ክሪስ መኒሜከር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት 86 ዶላር ከፍሎ ባሸነፈው መግቢያ ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ፤ 2.5 ሚሊዮን ዶላርም አሸነፈ። የቤተሰብ ስሙ በእኛ ቋንቋ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት ነው፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው ኖሮ «አበዛኸው» እንለው ነበር። በዚያ ዓመት የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 839 ነበር፤ በ2006 እ.ኤ.አ. 8,773 ደረሰ። ስለ አንዱ ሰው ሁሉም ሰማ። ስለ ስምንት ሺዎቹ ማን ጻፈ? በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ታላላቆቹን የኢንተርኔት ፖከር ድርጅቶች ሲከስስ፣ ከእነርሱ አንዱ የተጫዋቾቹን ገንዘብ መመለስ አቅቶት ተገኘ። ግባቸውን ያሟሉትም ሰዎች ገንዘባቸው በሰው እጅ እንደ ነበር ያን ጊዜ ተረዱ።

ስለዚህ ፖከርን ለፖከር ተጫዋች እንተውለት። በመርካቶ ስልኮች ላይ ያለው የእግር ኳስ ትኬትና «አቪዬተር» የተባለችው አውሮፕላን ናት። አውሮፕላኗ ስትወጣ ብሩ አብሮ ይወጣል፤ ሳትሰወር ያወጣ ይከፈለዋል፣ የዘገየ ይበላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣችው ይህች ጨዋታ ከተያዘው ገንዘብ 97 በመቶውን በአማካይ ለተጫዋቾች እንደምትመልስ ሠሪዎቿ ያስታውቃሉ። ሦስት በመቶ ብቻ! ነገር ግን አንዱ ዙር በሰከንዶች ያልቃል። 1,000 ብሩን መቶ ጊዜ እያዞረ የሚያስይዝ ሰው በአማካይ የሚቀረው 48 ብር ገደማ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ብርም ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ ይህች አውሮፕላን አስተማረችን። በዚህች ጨዋታ ላይ ምን ችሎታ ይለማመዳል? ምን ዕቅድ ይታቀዳል? የፖከርን ምክር ለእርሷ ማዋስ የዋና ትምህርት ለጎርፍ ማዋስ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ይህን ከእኛ በፊት አውቆታል። እኛ ኢትዮጵያውያን በቅድመ አያቱ በኩል የራሳችን የምናደርገው ፑሽኪን በ1834 እ.ኤ.አ. «የእስፔድ ንግሥት»ን ሲያሳትም፣ የታሪኩን ዋና ሰው ስድ ቁማርተኛ አላደረገውም። ሄርማን ቆጣቢ መሐንዲስ መኮንን ነው፤ ሌሎች ሲጫወቱ ቆሞ ይመለከታል እንጂ ካርታ አይነካም። ያጠፋው ያለ ዕቅድ መግባቱ አልነበረም። ሦስት ካርታ የሚባል የተረጋገጠ ዕቅድ አገኘሁ ማለቱ ነው። ሦስት ቁጥሯም ሰባት ቁጥሯም አሸነፉለት፤ በሦስተኛው ምሽት አስ ይዣለሁ ሲል ንግሥቲቱ በእጁ ላይ ተገኘች፤ ልጁም አበደ። ዶስቶየቭስኪ ደግሞ በጥቅምት 1866 እ.ኤ.አ. «ቁማርተኛው»ን ለአሳታሚ በገባው ውል ተጨንቆ በ26 ቀናት በቃሉ ሲያስጽፍ፣ በሽታውን በራሱ ላይ ያውቀው ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የማሸነፍን ምስጢር አገኘሁ ብሎ ነበር፤ ምስጢሩም ራስን መግዛትና አለመደናገጥ ነው። ይህ የዛሬው የቴሌግራም ምክር ቃል በቃል አይደለምን? ያን ምስጢር የያዘው ታላቅ ደራሲ እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚስቱን ልብስና ቀለበት ሳይቀር እያስያዘ ተጫወተ። የሰውን ልብ እንደ እርሱ ያነበበ ጸሐፊ በራሱ ግብ ካልዳነ፣ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲሸከም የዋለ የሃያ ዓመት ልጅ ይድናል ብሎ መስበክ ጭካኔ ነው።

«እንግዲያስ ሕጉ ምን ይሠራል?» ይባል ይሆናል። ሕግማ አለን። መንግሥት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሎተሪ ይሸጣል፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 535 ደግሞ የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደርን እንደገና ሲያቋቁም፣ ሎተሪ ሻጩም ለሌሎች ፈቃድ ሰጪውም ያው ተቋም ሆነ። በኳስ ቋንቋ ስንናገር ግብ ጠባቂው አጥቂም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ተቋሙ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ከተጠቃለሉት የመንግሥት ሀብቶች አንዱ ሆነ፤ የዚያ ድርጅት ዓላማ የመንግሥትን ሀብት ማትረፍ ነው። ማትረፍ ነውር አይደለም። ነገር ግን አትራፊ ሆኖ ከትርፍ ምንጩ ሰውን መጠበቅ ለመልአክም የሚከብድ ሹመት ነው።

በሌላ በኩል የከተማው አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. የስፖርት ውርርድ ቤቶችን እየዞረ አሸገ። ብዙ እናቶች መረቁ፤ ምርቃታቸው ይድረስ እላለሁ። ግን ቀኑን ልብ እንበል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ኤም ፔሳም በዚያው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደረሰ። በሩ ሲታሸግ ቤቱ ኪስ ውስጥ ገብቶ ነበር። የውርርድ ቤት ሲከፈት የሚታይ፣ ሲዘጋ የሚታወቅ ነገር ነው፤ አባት ልጁን ከደጃፉ ጎትቶ ሊያወጣው ይችላል፤ ጎረቤትም «ምነው ልጄ?» ይለዋል። የስልኩ ቁማር ቤት ደጃፍ የለውም። በታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በዕቃ ማራገፊያ መካከል፣ ሌሊት በብርድ ልብስ ውስጥ ክፍት ነው። በማስታወቂያው ግርጌ «ከ21 ዓመት በላይ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ይታያል፤ በአባቱ ስልክ የሚጫወተውን ልጅ ግን ያ ጽሑፍ አያየውም።

በሩ ጠፍቷል፤ መንገዱ ግን አልጠፋም። የሚወራረደው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቀጭን መንገድ ያልፋል፤ እርሱም የሞባይል ቦርሳና የባንክ ሒሳብ ነው። ጠባቂ ሊቆም የሚገባው እዚያ ነው። የሚቻል ነገር ስለ መሆኑ ጎረቤታችን ምስክር ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. ኬንያ ከውርርድ ድርጅቶች ጋር በግብር ስትጣላ፣ የ27 ድርጅቶችን የሞባይል መክፈያ ቁጥር እንዲዘጋ የስልክ ኩባንያውን አዘዘች። መንግሥት ግብሩ ሲቀርበት የገንዘቡን መንገድ መዝጋት ከቻለ፣ የልጅ ዕድሜ ሲቀር እንዴት አይችልም? ብሪታንያም በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. በዱቤ ካርድ ቁማር መጫወትን ከለከለች፤ በዚያው ዓመት ሰው ራሱን ከኢንተርኔት ቁማር ሁሉ በአንድ ማመልከቻ የሚያስወግድበትን መዝገብ በባለ ፈቃዶቿ ላይ ግዴታ አደረገች። እኛም በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ የጸና ፋይዳ የተባለ መታወቂያ አለን። አንድ ሰው በፋይዳ ቁጥሩ «ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ አትቀበሉ» ብሎ ቢመዘገብና ሁሉም ድርጅት ቢገደድ ምን ይጎድላል? በቀን ሊያስይዝ የሚችለው ጣሪያ በቦርሳው ላይ ቢታሰር፣ በብድር በተገኘ ገንዘብ መወራረድ ቢከለከል፣ ፈቃድ ሰጪውም ከሻጩ ፈጽሞ ቢለይ? ግብ ማውጣት ካስፈለገ በመጀመሪያ ግብ የሚወጣለት ሕጉና ድርጅቱ ይሁን። ሸክሙን ሁሉ በልጁ ፈቃድ ላይ ጭኖ «በኃላፊነት ይጫወቱ» ማለት፣ ከገደሉ አጠገብ አጥር ሳይሠሩ «በጥንቃቄ ይራመዱ» ብሎ ሰሌዳ መስቀል ነው።

አንድ ሙግት ይቀራል፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። «ድሀ ተስፋ ይፈልጋል፤ 20 ብር የሳምንት ተስፋ ከገዛችለት ምን አገባህ?» ይሉኛል። ይህን የሚለው ሰው ክፉ አይደለም፤ እኔም በቀላሉ አልመልስለትም። የሸክም ሠራተኛው ደመወዝ ሱቅ እንደማያስከፍት እርሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ቆጥብ ብለን የምንሰብክ የባንክ ሰዎችም ትሑት ልንሆን ይገባናል፤ የኑሮ ውድነቱ የቁጠባን ወለድ ሲበላ ከመስኮቱ ወዲህ ሆነን እናያለንና። ነገር ግን በቀን 50 ብር ለትኬት የሚያወጣ ሰው፣ ጳጉሜን ሳንቆጥር፣ በዓመት 18,000 ብር ያወጣል። ይህ ገንዘብ በዕቁብ ቢገባ አንድ ቀን በአንድ ላይ ተጠራቅሞ በእጁ ይወድቃል፤ የጉልት መደብ ይይዛል፣ ጋሪ ይገዛል፣ ለእናት ይላካል። ባይበዛም የራሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ቢያንስ ቆጡን በዓይኗ ታየው ነበር። የእኛ ልጅ ቆጥ ተብሎ የተሳለለት በመስታወት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ተስፋ የሚሸጥ ሰው ቢያንስ ሚዛኑን ያስተካክል!

ከዕቁብ የሚቀረውም ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዕቁብተኛ ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲሞት ይቀበራል፤ ሰውየው ከጠፋ ዳኛው «ምን ሆነ?» ብሎ ይልካል። የስልኩ ደንበኛ ሲጠፋ የሚደርሰው የማበረታቻ ጉርሻ ነው፤ «ናፈቅኸን፣ ተመለስ» የሚል መልእክት ከነጻ ትኬት ጋር። ናፍቆትን የሚያህል ቃል ለዚህ ሲውል ገጣሚ እንዴት ዝም ይላል?

ስለዚህ ብዕር ያላችሁ ሁሉ ቃላቱን አስመልሱ። ቁማርን ቁማር በሉት። የተሸነፈውን ልጅ አትሳለቁበት፤ የሸጡለትን ቃል ግን አታዋሱ፣ አታስተጋቡ። ግብ የሚለው ቃል ለደከመ ሰው መድረሻነቱ እንዲመለስ የበኩላችንን እንጻፍ። እኔም ስንኝ ከምቋጥርባት ጥግ ይህችን ወርውሬ ላብቃ፦

ዕጣ በዕቁብ ቤት ተራ ታወጣለች፣
«ዛሬ ለጎረቤት፣ ነገ ላንተ» ትላለች፤
ዕጣ በስልክህ ላይ ጠባይ ቀይራለች፣
ያንተንም የእርሱንም ላንዱ ታደርሳለች።
ግብህን ስትቆጥር በዘጠና ደቂቃ፣
ኪስህ ባዶ ቀረ ጨዋታው ሳያበቃ።

ቸር ይግጠመን!